በር የሚያንኳኳ ሰው

(ለሥራ ከተለያዩ ከተሞች ወደ አዲስ አበባ ለመጡ ወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። የቅዳሜ ከሰዓት እረፍታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። አዲስ አበባ ከገባችሁ ሁለት ዓመት ያልሞላችሁ እጃችሁን አውጡ። እሺ፣ አብዛኞቻችሁ ናችሁ። ከእናንተ ውስጥ በመጣችሁበት ከተማ ስፖርት ትሠሩ የነበራችሁ እጃችሁን እንዳታወርዱ። አሁንም ብዙ እጅ አለ። እዚህ ከመጣችሁ በኋላም ያላቋረጣችሁስ? አያችሁ፣ ሦስት አራት እጅ ቀረ። ዛሬ የማወራው አሁን ስለወረዱት እጆች ነው። የእኔም እጅ አንድ ጊዜ እንደዚያው ወርዶ ነበር።

የስፖርት ባለሙያ አይደለሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምውለው። የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን፣ ጠይቄና አንብቤም ያወቅኩትን ነው።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ሳቢያን ነው። ድሬ ላይ የሩጫ ሰዓት የሚመርጥላችሁ ሙቀቱ ነው። ፀሐይ ጠንከር ካለች በኋላ ሩጫ የሚባል ነገር አይታሰብም። ስለዚህ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ እንነሳ ነበር። አምስት ነበርን፤ ሁለት የአክስቴ ልጆች፣ ሁለት የሰፈር ጓደኞቼ እና እኔ። ቀድሞ የነቃው የሌላውን የቆርቆሮ በር በቁልፍ ያንኳኳል። ቋ፣ ቋ፣ ቋ። ከዚያ "አቦ ተነሽ!" የሚል ድምፅ ይከተላል። በሩ እስኪከፈት አያቆሙም። ጎረቤቱ ሁሉ ለምዶታል።

ከዚያ በሶምሶማ ወደ ከዚራ እንሄዳለን። ከዚራ ባቡሩ ሲመጣ በዕቅድ የተሠራ ሰፈር ስለሆነ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው። ሌሊቱን የቀዘቀዘው አስፋልት ገና አልሞቀም። ስንመለስ አንዷ ጓደኛችን ቤት ፉል ይጠብቀናል። ረመዳን ሲገባ ደግሞ የጠዋቱ ሩጫ ይቀርና ማታ ከተራዊህ ሶላት በኋላ አብረን እንራመዳለን፤ የሚጾመውም የማይጾመውም። አራት ዓመት እንዲህ ኖርን። በዚያን ጊዜ ሰው "እንዴት ነው እንዲህ የምትበረቺው?" ሲለኝ "ፍላጎት ካለ ይቻላል" እል ነበር። ከልቤም አምንበት ነበር።

ከዚያ ሥራ አገኘሁና ወደ አዲስ አበባ መጣሁ። ወሩ ሐምሌ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአንዲት ልጅ ጋር በደባልነት ገባሁ። መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ካልያዝኩ አረፍዳለሁ። ማታ ቤት ስገባ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። በመጀመሪያው ወር "ቤቱን ላደላድል" አልኩ። በሁለተኛው "ዝናቡ ይለፍ" አልኩ። በሦስተኛው "ሥራውን ልልመድ" አልኩ። ታኅሣሥ ሲገባ የሩጫ ጫማዬ ከድሬ በመጣበት ፌስታል ውስጥ እንደታሰረ ነበር።

አንድ ቀን ውሃ ጠፋ። ከብሎኩ ሥር ካለው ሮቶ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቼ ደረጃውን መውጣት ጀመርኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ጀሪካኑን አስቀምጬ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ልቤ ጆሮዬ ላይ ይመታል። አንድ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ትንሽ ጀሪካን ይዞ እያፏጨ አለፈኝ። "ላግዝሽ?" አለኝ ዞር ብሎ። እኔ አራት ዓመት ሙሉ ስሮጥ የኖርኩት ሰው! ያን ማታ አለቀስኩ። ሰንፌያለሁ፣ አለቀልኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ያህል ሥራዬ ራሴን መውቀስ ነበር። መውቀሱ ግን አንድም ቀን ከአልጋ አላስነሳኝም።

አንድ እሑድ ድሬ ላለችው የአክስቴ ልጅ ደወልኩ። መሮጥ እንዳቆምኩ ነገርኳት። ትገረማለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አልተገረመችም። "አቦ፣ እዚያ ማን ያንኳኳልሻል?" አለችኝ።

ይሄን ጥያቄ እናንተም ይዛችሁት እንድትሄዱ ነው የምፈልገው። ማን ያንኳኳልሻል? ማን ያንኳኳልሃል? እኔ ድሬ ላይ በራሴ ጥንካሬ የተነሳሁ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚያስነሳኝ ብዙ ነገር ነበር። በሩ ላይ የሚቆሙት ልጆች ነበሩ። ሰዓቱን የሚወስንልኝ ሙቀት ነበር። እግሬ ሳላስብ የሚያውቀው ቀጥ ያለ መንገድ ነበር። የሚጠብቀኝ ፉል ነበር። ይሄ ሁሉ ድሬ ቀረ። እኔ ጫማዬን ብቻ ይዤ መጣሁ። ሰው ከተማ ሲቀይር እንዲህ ነው የሚሆነው። ፍላጎታችሁ አልሞተም፤ ተሸክሞት ይሄድ የነበረው ነገር ነው ከኋላ የቀረው። ስለዚህ ራሳችሁን መውቀስ ትታችሁ መንገዱን፣ ሰዓቱንና ሰውየውን እዚህ እንደ አዲስ ፈልጉ።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ትንፋሹ ልንገራችሁ። ይሄን ባለማወቄ ነው ብዙ የተጎዳሁት።

ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ላይ ነው ያለችው። አዲስ አበባ መሃሏ 2,350 ሜትር አካባቢ ነው፤ ወደ እንጦጦ ስትወጡ ከ3,000 ያልፋል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው፤ ግን አየሩ ራሱ ስለሳሳ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ያንሳል። ከድሬ ወደዚህ ለመጣ ሰው ቅናሹ ከአሥር በመቶ በላይ ነው። ሰውነት መጀመሪያ ላይ ቶሎ ቶሎ በመተንፈስና የልብ ምትን በመጨመር ይቋቋመዋል። ከዚያ ኩላሊት በሚልከው መልእክት ቀይ የደም ሴሎች መብዛት ይጀምራሉ። ይሄ ሳምንታት ይፈልጋል። ዝም ብሎ ከመቀመጥ ጋር ሲደመር ደግሞ፣ ያ ደረጃ ላይ የሆንኩትን ያደርጋል። የእኛ አትሌቶች ሱሉልታና እንጦጦ፣ ሰንዳፋም ወጥተው የሚለማመዱት ይሄንኑ ስስ አየር ፈልገው ነው። እነሱ የሚፈልጉት ነገር እኔን ሲያስለቅሰኝ ነበር።

ስለዚህ ከጅማ፣ ከአርባ ምንጭ፣ ከአዋሳ፣ ከጋምቤላ የመጣችሁ፣ በተለይ ከቆላው የመጣችሁ፣ የድሮ ሰዓታችሁን እዚህ አትፈልጉት። እዚያ 5 ኪሎ ሜትር በ28 ደቂቃ ትሮጡ ከነበረ እዚህ 32 ቢፈጅባችሁ አልደከማችሁም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መለኪያችሁ ወሬ ይሁን። እየሮጣችሁ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻላችሁ ልክ ናችሁ። ካቃታችሁ ተራመዱ። ደረታችሁን የሚወጋችሁ ወይም የሚያዞራችሁ ከሆነ ግን ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ከፍታው ነው ብላችሁ አትለፉት።

እሺ። ከዚያ ስልክ በኋላ ያደረግኩት የመጀመሪያ ነገር ስህተት ነበር። ጂም ተመዘገብኩ። የሦስት ወር በአንዴ ከፈልኩ፤ ከከፈልኩ እሄዳለሁ ብዬ። ጂሙ ጥሩ ነበር፤ መሣሪያው አዲስ፣ አሰልጣኙ ትሑት ልጅ። ችግሩ እዚያ ለመድረስ ሌላ ታክሲ መያዝ ነበረብኝ። ማታ ደክሞኝ ሜክሲኮ ላይ ስቆም ሁለት ሰልፍ አለ። አንዱ ወደ ቤቴ ነው፣ አንዱ ወደ ጂሙ። በሦስት ወር ውስጥ የሄድኩት አራት ቀን ነው። ይሄን ሁሉ ብር ካወጣሁበት ትምህርት የያዝኩት አንድ ነገር ነው። ስፖርታችሁ ከቤታችሁና ከሥራችሁ መሃል፣ በምታልፉበት መንገድ ላይ ካልሆነ አይቆይም። ጂም ስትመርጡ መሣሪያውን ከማየታችሁ በፊት የታክሲ መስመሩን እዩ።

ከዚያ መንገዴን እንደ አዲስ ማየት ጀመርኩ። የጀሞ ታክሲ ወደ ሜክሲኮ ሲሄድ በሳር ቤት ያልፋል። ጠዋት ጠዋት ከሳር ቤት በኋላ መንገዱ ይዘጋል፤ መኪናው ይቆማል፣ ይንፏቀቃል። አንድ ማክሰኞ ሳር ቤት ላይ "ወራጅ አለ" አልኩ። ረዳቱ ሜክሲኮ ድረስ እንደከፈልኩ ስለሚያውቅ ግራ ገባው። ወርጄ በእግሬ ቀጠልኩ። የአፍሪካ ኅብረትን ሕንፃ አልፌ ሜክሲኮ ስደርስ ግማሽ ሰዓት ያህል ሆኖኛል። ቢሮ የገባሁት ከተለመደው ሰዓቴ አምስት ደቂቃ ብቻ ዘግይቼ ነው። ፊቴ ሞቋል፣ እግሬ ነቅቷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳዬ ውስጥ ነጠላ ጫማ መያዝ ጀመርኩ። በስፖርት ጫማ እሄዳለሁ፣ ቢሮ ስደርስ እቀይራለሁ።

ቀላል ሒሳብ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። ፈጠን ያለ እርምጃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። ግማሽ ሰዓት በአምስት የሥራ ቀን ስታባዙት 150 ይመጣል። ጂም ሳትገቡ፣ ሌሊት ሳትነሱ። በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሠራ ነገር መጨመር ይቀራል፤ እሱን ቤት ውስጥ በፑሽ አፕና ቁጢጥ ብሎ በመነሳት መጀመር ይቻላል። ኮሪደር ልማቱ በነካቸው መንገዶች ላይ ደግሞ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፤ የብስክሌት መስመርም አለ። ከዚህ በፊት በእግር ለመሄድ የሚያስፈሩ መንገዶች ዛሬ የሚሄዱባቸው ሆነዋል። መንገዳችሁን አንድ ቀን ወርዳችሁ ሞክሩት።

መንገዱ ተገኘ። ሰውየው ቀረ።

ከእኛ በላይ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንዲት ጎረቤት አሉ። ሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ናቸው። ስኳር አለባቸው፤ ሐኪማቸው በየቀኑ ተራመጂ ብሏቸዋል። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ተገናኘንና "ብቻዬን መውጣት እፈራለሁ፤ ውሻው አለ" አሉኝ። እኔ የድሬ ልጅ ነኝና አንቺ ብዬ ነው የመለስኩላቸው። እኛ ጋ ትልቁንም ትንሹንም አንተ፣ አንቺ ነው የምንለው። ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ። እሳቸው ሳቁ። "እናቴ ከሞተች ወዲህ አንቺ ያለኝ ሰው የለም፤ ተይው እንደሱ ጥሪኝ" አሉኝ። እኔ ግን ተስተካክዬ እትዬ እላቸዋለሁ።

ከእትዬ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለመራመድ ተስማማን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከመንቃቴ በፊት በሬ ተንኳኳ። በቁልፍ። ብረት በብረት ላይ፣ ቋ፣ ቋ፣ ቋ። አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ለትንሽ ጊዜ የት እንዳለሁ ጠፋኝ። ስከፍት እትዬ ነጠላቸውን አጥብቀው፣ በአንድ እጃቸው ለውሻው ዱላ ይዘው ቆመዋል። እንግዲህ በፍጥነት ከሆነ እሳቸው የእኔ ጓደኛ አይደሉም። ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። ግን ለእሳቸው ስል ቀርቼ አላውቅም። ለራሴ ብዬ የማልነሳበት ቀን ሞልቷል፤ እሳቸው ደረጃ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ መተኛት ግን አልችልም። ከሳቸው ጋር ግማሽ ሰዓት ከተራመድኩ በኋላ ቤታቸው አደርሳቸውና ሃያ ደቂቃ ሶምሶማ እሮጣለሁ። በአራት ወር ውስጥ ጀሪካኑን ሳላሳርፍ ሦስተኛ ፎቅ አወጣሁት።

እዚህ ላይ ስለ ሴቶች አንድ ነገር ልበል። አዲስ ከተማ ላይ፣ በማታውቁት ሰፈር፣ ገና ሳይነጋ ብቻችሁን ለመሮጥ መፍራት ስንፍና አይደለም። ለከፋው አለ፣ ጨለማው አለ፣ ውሻው አለ። ማንም "ደፋር ሁኚ" ቢላችሁ አትስሙት። 12 ሰዓት ላይ መንጋቱን ጠብቁ። ሰው ያለበትን መንገድ ምረጡ። ሁለት ሁኑ። ወንድሞቼ፣ እናንተም እዚህ ናችሁና ልንገራችሁ። የምትሮጥ ሴት ስታዩ ዝም ብላችሁ እለፏት። ከኋላ ተከትሎ "አይዞሽ፣ በርቺ" ማለት ማበረታታት አይደለም። እኛ የምንሰማው የእግሩን ኮቴ ነው።

እሑድን ደግሞ መስቀል አደባባይ ሰጠኝ። ሰዎች ሲነግሩኝ እዚያ የሚሮጡት አትሌቶች ብቻ ይመስሉኝ ነበር። አንድ እሑድ ሄድኩ። ገና ጭጋግ ነው። ደረጃው ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል። በአንዱ ረድፍ ሮጦ ጫፍ ይደርሳል፤ ወደላይኛው ረድፍ ወጥቶ ይመለሳል፤ እንዲህ እያለ እስከ ላይ። ከታች ሜዳው ላይ አንድ አሰልጣኝ ድምፅ ማጉያ ይዞ ኤሮቢክስ ያሠራል፤ ከፊቱ መቶ የሚሆን ሰው እጁን ያነሳል፣ ያወርዳል። ሻሽ ያሰሩ እናቶች አሉ። ሆዳቸውን ሊያጠፉ የመጡ ጎልማሶች አሉ። ማሊያ የለበሱ ታዳጊዎች አሉ። ከእነሱ መሃል በእውነት አትሌት የሆነ ልጅ እንደ ነፋስ ሽው ብሎ ያልፋል። ማንም ማንንም አያይም። እኔ አምስተኛው ረድፍ ላይ ቆሜ ስተነፍስ አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ በአጠገቤ እያለፉ "አትቀመጪ፣ እየተራመድሽ ተንፍሺ" አሉኝ። ሳይቆሙ ነው ያሉኝ። እዚህ ከተማ ከገባሁ ወዲህ ቤቴ ያለሁ የመሰለኝ ያን ጊዜ ነው።

ቢያንስ አንድ እሑድ ሂዱ። መሮጥ ባትፈልጉ እንኳ ቆማችሁ እዩ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው መንገድ ለሰው የሚባለው ከመኪና ነፃ ቀንም አለ፤ መንገድ ተዘግቶ ልጆች አስፋልት ላይ ሲጫወቱ ታያላችሁ። ኅዳር ላይ ደግሞ ታላቁ ሩጫ አለ። በ1994 ዓ.ም. 10 ሺህ ሰው ይዞ የተጀመረው ይሄ ሩጫ ዛሬ የሚያሰልፈው ሰው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እኔም ሮጫለሁ፤ 10 ኪሎ ሜትሩን ግማሹን በእርምጃ ነው የጨረስኩት። ደስ ይላል። ግን በእሱ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ። ቲሸርቱን ሲያገኙ የሚጀምሩ፣ በማግስቱ የሚያቆሙ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ክረምት ይመጣል፣ ታቋርጣላችሁ። ጾም ይመጣል፣ ጉልበት ያንሳችኋል። ጉንፋን ይመጣል። ስትመለሱ ካቆማችሁበት ሳይሆን ከግማሹ ጀምሩ። በዚህ ላይ ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም።

ባለፈው ለፋሲካ ድሬ ወረድኩ። ጫማዬን ይዤ ነው የሄድኩት። ከአምስታችን የቀረ ማን እንደሆነ ለማየት ቸኩዬ ነበር። አንዷ ጅቡቲ ገብታለች። አንዷ አግብታ ልጅ ታጠባለች። አንደኛው የአክስቴ ልጅ ለሥራ ጅግጅጋ ሄዷል። የቀረችው ያቺ በስልክ የጠየቀችኝ ልጅ ብቻ ነች። ጠዋት እንውጣ ስላት አንገቷን ደፋች። ከሄድኩ ጀምሮ አንድም ቀን አልሮጠችም። ከተማዋን ያልቀየረችው እሷ ናት፤ ግን ከተማው በዙሪያዋ ተቀይሮባታል። ያን ጊዜ ስልክ ላይ "ማን ያንኳኳልሻል?" ያለችኝ ስለ እኔ ብቻ አልነበረም። እኔ ደግሞ አልጠየቅኳትም። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል።

በማግስቱ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ በራቸው ላይ ሄጄ በቁልፍ አንኳኳሁ። እናቷ "ማነው በዚህ ሌሊት?" አሉ። "እኔ ነኝ፣ አቦ ቀስቅሽያት!" አልኩ። ወጣች። ከዚራ ድረስ ሄድን። ትንፋሼ ጥሩ ነበር፤ ሙቀቱን ግን ረስቼው ኖሮ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ቲሸርቴ ተጨመቀ፤ በመጨረሻ እሷ ናት የጠበቀችኝ። አሁን እሑድ እሑድ 11 ሰዓት ላይ እደውልላታለሁ። ስልኩ ሦስት ጊዜ ይጮሃል፣ ታነሳና "ተነስቻለሁ" ብላ ትዘጋዋለች። ከዚያ እኔ ወደ መስቀል አደባባይ፣ እሷ ወደ ከዚራ።

ነገ እሑድ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ መስቀል አደባባይ፣ ከደረጃው ሥር እሆናለሁ። ቢጫ ጃኬት ነው የምለብሰው። ሰፈራችሁ ሩቅ የሆነ ካላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አጠገባችሁ የተቀመጠውን ሰው የት እንደሚኖር ጠይቁት፤ አንድ ሰፈር ከሆናችሁ ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ አሁኑኑ ተነጋገሩ። ውሃ ያዙ። ብርድ ስለሚሆን ደረብ አድርጉ።